ቆጥ ላይ ያደሩ ጣውላዎች

የኢሉባቦሯን መቱን የሚያውቅ ሰው ዝናቧን ያውቃል። ሚያዝያ ገብቶ ጥቅምት እስኪወጣ ድረስ ሰማዩ የቤታችንን ጣሪያ ተደግፎ የሚኖር ይመስለን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል፤ የተዳፈነው ፍም ጭስ ከእርጥብ አፈርና ከቡና ገለባ ሽታ ጋር ተደባልቆ ብርድ ልብሳችን ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ሶር ሞልቶ ሲያጓራ ደግሞ እኔና ታናሽ እህቴ ወንዙ ተነሥቶ ወደ ከተማው እየመጣ መስሎን እንተቃቀፋለን። ከዚህ ሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማ አንድ ድምፅ ግን ነበር። ዶሮ ሁለተኛ ጮኾ ዝም ሲል፣ ገና ሰው ከሰው ሳይለይ፣ ከታች ሰፈር ጥሩምባ ይነፋል።

እናቴ ከመኝታዋ ቀና ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ታዳምጣለች። ጥሩምባ ነፊው በየመንታ መንገዱ ይቆምና አንዴ ረዘም አድርጎ ነፍቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ሰዓትና ቦታ በአማርኛም በኦሮምኛም ይለፍፋል። ዝናቡ ስሙን ይውጠው ስለነበር እኛ ደጃፍ ሲደርስ አባቴ በሩን ከፍቶ «ማን ነው?» ይለዋል፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለጎረቤት እንደሚነገር፣ እንደገና ይነግረዋል። ያን ጊዜ እናቴ ጭኗን አንዴ መታ አድርጋ ትነሣለች፤ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፤ ጀበናዋን በአንድ እጇ፣ ጨው የቋጠረችበትን ጨርቅ በሌላ እጇ ይዛ በጭቃው ውስጥ ትወጣለች። እኛ አገር ቡና በጨው ነው፤ ስኳር የሚወጣው ለሩቅ እንግዳ ነበር።

አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ሹመት ነበር፤ የእድሩ የብረት ሣጥን የሚቀመጠው ከወላጆቼ አልጋ ሥር ነዋ! ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ዳኛው ዘንድ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ዘንድ፣ አንዱ በአባቴ አንገት ላይ በጥቁር ክር ተንጠልጥሎ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። እኔ ሞት ራሱ እዚያ ውስጥ የተቆለፈበት፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተስማምተው ሲከፍቱለት ብቻ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት፣ ያችን ቁልፍ ሰርቄ ሶር ውስጥ ብጥላት መቱ ውስጥ ሰው መሞቱ የሚቀር መስሎኝ፣ ክሩን ቀስ ብዬ ስጎትት አባቴ ነቃ። «ምን ፈለግህ?» ቢለኝ የምለው ጠፋኝና አንገቱን አቅፌ አለቀስሁ። እሱም ሳይቆጣኝ ወደ ብርድ ልብሱ ሳብ አድርጎ አስገባኝ። የጢሙ ሻካራነትና የአንገቱ ሙቀት እስከ ዛሬ ጉንጬ ላይ አለ።

ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ጠርዙ የተበላ ሰፊ መዝገብ፣ በክር የታሰረ ብር፣ የሳንቲም ከረጢትና የቀለም ብልቃጥ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እድርተኛው ተሰብስቦ አንድ አንድ ሽልንግ ያዋጣል፤ ቀብር የቀረ ስሙኒ ይቀጣል። አባቴ ስም እየጠራ ምልክት ያደርጋል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ብልቃጡን እይዛለሁ። ይህን የ1960ዎቹ መጀመሪያ ስብሰባ ዛሬ ሳስበው፣ መጀመሪያ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የጣውላ ሽታ ነው።

ምክንያቱም የእድሩ ቤት፣ ጭቃ ምርግ ሆና ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል፣ ግማሽ ጣሪያዋን የሚሸፍን ቆጥ ነበራት፤ ቆጡ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ የዋንዛ ጣውላ ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር። ከሥሩ የተጠቀለለው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ የንፍሮ መቀቀያው ትልቅ ብረት ድስትና ሥራቸው በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው ሰሃኖች አሉ። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት እንግዲህ የራሳቸው የሬሳ ሣጥን ከሚሆነው ጣውላ ሥር ነው። እዚያው ተቀምጠው ይከራከራሉ፣ ይቀጣጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ጋብቻ ያወራሉ። ማንም ቀና ብሎ አይሳቀቅም።

ጣውላው የሚገዛው በበጋ፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፤ እንጨቱም ደረቅ ነው። ሰንጣቂዎቹ በሁለት ሰው በሚጎተተው መጋዝ ጫካ ውስጥ ሰንጥቀው በበቅሎና በሰው ሸክም ያመጡታል። የዚያን ሰሞን ከየጓሮው የቡና አበባ ይፈነዳና ከተማው በሙሉ ሙሽራ እንዳለፈችበት መንገድ ይሸታል። የእኛ ሽማግሌዎች ለሞት የሚገበያዩት በዚያ ሽታ መካከል ነበር። ሻጩ ጣውላውን ደጅ ላይ ይዘረጋል፤ ዳኛው (እኛ ልጆቹ «አባባ ዳኛ» ነበር የምንላቸው) ጎንበስ ብለው ውፍረቱን በአውራ ጣታቸው ይለካሉ፤ በጉልበታቸው ጫን ብለው መጉበጡን ያያሉ፤ አናጢው ጫፉን ያሸትና ነቀዝ ፍለጋ ጆሮውን አስጠግቶ በጥፍሩ ያንኳኳል። ከዚያ ዋጋው ሰው ሁሉ እየሰማ ይጠራል። አንድ ዓመት ሻጩ ዋጋ አልቀንስም ሲል አባባ ዳኛ ያሉትን አስታውሳለሁ፤ «ለሬሳ ነው ብለህ አትጨምርብን፤ ለሬሳ ነው ብለህም የበሰበሰ አታምጣብን። ሰው ለቤቱ በር እንደሚገዛው አድርገህ ሽጥልን።» ሻጩ ትንሽ አሰበና ሁለት ጣውላ ለይቶ ወደ ጎን አደረገ። አባባ ዳኛ ያንን ካዩ በኋላ ዋጋ አልተከራከሩም።

ገና ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያለቅስ፣ በደረቅ ቀን፣ በጠራ አእምሮ የሣጥኑ ዋጋ ይቆረጣል፤ አባቴም መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። የአናጢው የእጅ ዋጋ፣ የጥቁሩ ጨርቅ ክንድ፣ የአቡጀዲው፣ የምስማሩ፣ ሁሉም ለየብቻው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው ስብሰባ ደንቡ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ድንኳን ሦስት ቀን፤ ሣጥን ከእድሩ፤ ንፍሮና ቡና ከእድሩ፤ ለሐዘንተኛው በእጁ የሚሰጥ ይህን ያህል ብር። የእስልምና ተከታይ ለሆኑት እድርተኞች ሣጥን ስለማያሻቸው ነጭ የከፈን ጨርቅ ይገዛል፤ የሚተርፈው የሣጥኑ ዋጋ በገንዘብ ይሰጣቸዋል። በዚህ ላይ አንድ ዓመት ረጅም ክርክር ተነሥቶ ሐጂው ጎረቤታችን «ትርፉ እዚያው ለድንኳኑ ይሁን» ቢሉ፣ አባባ ዳኛ «ያንተን መብት አንተ ራስህ ብትሰጠንም አንወስድም» ብለው አስጻፉ። እኔ ቀለሙን ይዤ ነበርና ያችን መስመር አባቴ ሲጽፋት አይቻለሁ።

ሐዘንተኛ ኪሱን አይነካም። ይህ የተጻፈ አልነበረም፤ ግን ከተጻፈው ሁሉ የጠነከረው እሱ ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ሰዎች ሣጥን ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው ምን እንደበላ አይጠይቁም። ሁለት ሰው ከእድሩ ይመደባል፤ ሁለቱም የሟቹ ዘመድ ያልሆኑ። እንባ የሌለበት ዐይን ነው ሂሳብ የሚያየው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አስታውሳለሁ፤ ባልየው ከሁሩሙ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ነው የሞተው። የወርቅ ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውጥታ «እንዲህ ያለ ሳንቃ ላይ አላስተኛውም፤ ከፋይ የለበሰ ሣጥን ከጅማ አስመጡልኝ» እያለች ወደ አባቴ ዘረጋችለት። አባቴ ጉትቻዎቹን ተቀበላት። ሣጥኑ እንደ ደንቡ በዋንዛ ተሠራ፤ ቀብሩ ተፈጸመ። በሠልስቱ ማግስት ደግሞ እናቴ ጉትቻዎቹን በመሀረብ ቋጥራ ወስዳ መለሰችላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ያች ሴት ልጇን ስትድር ሙሽራዋ ጆሮ ላይ አየኋቸው።

አንድ ባለጸጋ የቡና ነጋዴም ሲሞት ያው ነበር፤ ልጆቹ ሌላ ሣጥን እናምጣ ቢሉ ማንም አልከለከላቸውም። ግን ሟቹ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ደንቡን ከፈረሙት አንዱ ነበሩና፣ አባቴ መዝገቡን ገልጦ ፊርማቸውን ሲያሳያቸው ልጆቹ ዝም አሉ። ያው ጥቁር ጨርቅ፣ ያው ነጭ የመስቀል ጥልፍ፣ ያው ትከሻ።

እድር መቱ ላይ አልተፈጠረም፤ ይህን አውቃለሁ። ወሎዎች ቅሬ ይሉታል፣ ሐረሮች አፎቻ። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች በየከተማው የተስፋፋው ባለፈው መቶ ዓመት፣ ይበልጡንም ከጣሊያን ወረራ ወዲህ መሆኑን ጽፈዋል፤ ከየአገሩ ወደ ከተማ የፈለሰ፣ ወንድምና እህት አጠገቡ የሌለው ሰው ቀባሪ እንዳያጣ። የኢሉባቦር ከተሞች ደግሞ ከዚህ ዓይነት ሰው ነው የተሠሩት። ጎሬ በደጋው ጉም ውስጥ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ቡና በጋምቤላ ወርዶ በባሮ በመርከብ ወደ ሱዳን ሲሄድ፣ የግሪክና የዓረብ ነጋዴ፣ ጉራጌው፣ የሸዋው ወታደር፣ የወለጋው ቄስ ሁሉ እዚያ ተገናኝቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ ሲወጡ ራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የተቀመጡትም ጎሬ ነበር። አባቴ ለእድሩ ጥቁር ጨርቅ የሚገዛው ከጎሬ ነበርና አንድ ጊዜ አስከትሎኝ ሄዷል። ከሱቁ የሚወጣው የናፍታሊን ሽታ፣ ባለሱቁ ጨርቁን በብረት ክንድ ሲለካ የሚሰማው ሽርር የሚል ድምፅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቴ ደረሰኙን አጣጥፎ ቆቡ ውስጥ ሲያስገባ ትዝ ይለኛል፤ ዝናብ እንዳይነካው ነው።

መጥፎ ዘመንም መጣ። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች እንዳያለቅሱ ሲከለከሉ፣ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ ሲባሉ፣ ወሬው እኛ ድረስ ደረሰ። አባባ ዳኛ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ሆነው «ለጥይት?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ የሰጠ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ያፈናቀላቸው የወሎና የትግራይ ሰዎች ለሠፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲመጡ፣ ደጋ የለመደው አካላቸው የእኛን ቆላ ወባ መቋቋም አቅቶት ብዙ ሰው ሞተባቸው። የወሎዎቹ ቅሬ ከነሱ ጋር መጥቶ ነበር፤ ጨርቅ ብቻ ነው ያጠረው። እድራችን አንድ ሙሉ ጣቃ አቡጀዲ ሰጠ። አባቴ መዝገቡ ላይ «ለእንግዶች» ብሎ ጻፈ፤ ዋጋው የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወው።

እኔም አድጌ ከመቱ ወጣሁ። በ2007 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ሲያርፍ፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ሆኖ ሳለ፣ ከበሩ ማዶ የሣጥን መሸጫው መብራት በርቶ ነበር። በፊት በፊት አንድ ሣጥን አናጢ ሲጨርሰው የማየው እኔ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ሣጥን ፊት ብቻዬን ቆምሁ። አንዱም ላይ ዋጋ አልተጻፈም። ሰውየው ጫማዬን አየና «ለማን ነው?» አለኝ። «ለወንድሜ።» «ታላቅ ነው ታናሽ?» «ታላቅ።» «እንግዲያማ ይሄ አይሆንለትም» ብሎ ወደሚያብረቀርቀው ወሰደኝ። መኪናው፣ አበባው፣ ሣጥኑ ሁሉ በአንድ ድምር ተነገረኝ። ዝርዝሩን ብጠይቅ ወንድሜን የሰሰትሁበት መስሎ ተሰማኝና ከፈልሁ። ደረሰኝ አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በማግስቱ ስናወጣው የሣጥኑ ሥር በሚያምረው ከፋይ የተሸፈነ ስስ ኮምፔርሳቶ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ በነጠላ ደግፈው ነው ጉድጓዱ ድረስ ያደረሱት። ያን ጊዜ ያፈርሁት እፍረት ዛሬም አልለቀቀኝም።

የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ሕግ ነበረን። ቁጥር 813/2006 የሆነው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር። ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል፤ ነጋዴውም ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ፣ ደረሰኝ መስጠት አለበት። ነጋሪት ጋዜጣውን ሳነበው የአባባ ዳኛ አውራ ጣት ጣውላው ላይ ትዝ አለኝ። ሕጉ መልካም ነው፤ ይከበር እላለሁ፤ የሣጥን መሸጫም እንደ ማንኛውም ሱቅ ዋጋውን በግድግዳው ላይ ይለጥፍ። ነገር ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወንድሙ በሞተ በሰዓቱ፣ አዋጅ ቆጥሮ የሚከራከር ማን ነው? ስለዚህ ወዳጆቼን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሣጥን ስትገዙ ራሳችሁ አትግዙ። ጎረቤት ላኩ፣ የእድር ሰው ላኩ፣ ዐይኑ ደረቅ የሆነ ሰው ላኩ፤ ዋጋው ለየብቻው ተጽፎ ይምጣላችሁ።

ያጎቴ ልጅ የበደሌ ልጅ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዋሽንግተን አካባቢ ኖሯል። እዚያም የእኛ ሰዎች እድር አላቸው፤ ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ሲያዋጡ ስልኩ ቀን ከሌት ሲጮህ ይውላል። ወንድሜን ስንቀብር መጥቶ የገጠመኝን ስነግረው፣ አሜሪካም እንዲህ ነበረች አለኝ። ጄሲካ ሚትፎርድ የምትባል ጸሐፊ በ1963 እ.ኤ.አ. የቀብር ነጋዴዎች ሐዘንተኛውን እንዴት እንደሚያስከፍሉት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አወጣች፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ1976 መሆኑ ነው፣ የመንግሥቱ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ቀብር አስፈጻሚው ዋጋውን በስልክ ለጠየቀው ሁሉ እንዲናገር፣ ለመጣ ሰው ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ የማይፈለገውን አብሮ እንዳይሸጥ፣ ሣጥኑን ከሌላ ቦታ አምጥቻለሁ የሚለውን እንዳይመልስ ያስገድደዋል። የእነሱ እድር ሊቀ መንበር አባል ሲሞት አስቀድሞ ሦስት ቦታ ይደውላል፤ የሦስቱንም ዋጋ ይጽፋል። «ደብተሩን የሚይዘው ግን» አለኝ ያጎቴ ልጅ፣ «የሟቹ ዘመድ ያልሆነ ነው።» ስቀን ተቃቀፍን፤ ሳቃችን ወደ ለቅሶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ መቱ ስሄድ ብዙ ነገር ተለውጦ አገኘሁ። ዩኒቨርሲቲው ከተማውን ሞልቶታል፤ ወጣቱ የሞት ወሬ የሚሰማው በስልኩ ነው። የድሮዋ የእድር ቤት ቦታ ላይ ብሎኬት ቤት ቆሟል። መዝገቡ ግን እህቴ ዘንድ አለ፤ ስገልጠው የቀለሙ ሽታ ጠፍቶ የጭስ ሽታ ብቻ ቀርቷል። እየገለጥሁ ስፈልግ የነበረው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የጥሩምባ ነፊያችንን።

እሱ ወርኃዊ መዋጮ አልነበረበትም፤ ጥሩምባው መዋጮው ሆኖ ተቆጥሮለታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጩ ከመንፋት ብዛት የላላ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ በቅቤ የታሸ ቡና ቀላ የሚይዝና ለእኔ ሦስት ሦስት ፍሬ የሚቆጥርልኝ ሰው ነበር። አንድ የየካቲት እሑድ አዲስ ጣውላ ቆጥ ላይ ሲወጣ ከታች ቆመን እናቀብላለን። አንዷ ጣውላ መሐሏ ላይ ቅርንጫፍ የበቀለባት ጥቁር ክብ ዐይን አላት። አናጢው «ይህቺ ለሰሃን መደርደሪያ ትሁን» ሲል እሱ ተቀብሏት በመዳፉ ዳበሳት፤ ዐይኗንም በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ አየ። «የለም፣ የኔ ትሁን» አለ። «ጠንካራ ናት። ደግሞ የምታይ ናት፤ እኔ ሰው ሳልጠራ አላድርም።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። አባቴ ጠመኔ አውጥቶ ጫፏ ላይ ምልክት አደረገላትና ከታች፣ ከሌሎቹ ሥር እንድትቀመጥ አዘዘ።

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ በነሐሴ፣ አንድ ሌሊት ጥሩምባ ሳይሰማ ነጋ። ሰው በሩን እየከፈተ እርስ በርሱ ይተያያል። ጠዋት አናጢው ቤት ደጃፍ ስደርስ ሣጥኑ ተጠናቆ ጥቁሩ ጨርቅ እየተለበጠ ነበር። ጠመኔው ገና አልጠፋም፤ ዐይኗ በቀኙ ጎን፣ ጆሮው በሚያርፍበት በኩል ሆናለች። አናጢው አየኝና ምንም ሳይለኝ ትንንሾቹን ምስማሮች በመዳፌ ቆጥሮ ሰጠኝ። አንድ ሲያነሣ አንድ አቀብለዋለሁ። ጨርቁን ወጠር አድርጎ ዐይኗ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ እኔም በአውራ ጣቴ አንዴ ጫን አልኋት። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበረች። ከዚያ ሌላ ምስማር ጠየቀኝ።